የብስኮቲ አሠራር የምታስተምሩን ሰዎች፣ እባካችሁ ልኩን ንገሩን

ሁለት ጊዜ የሚጋገረውን ደረቅ ብስኩት፣ የጣሊያኑን የአልሞንድ ብስኮቲ፣ ቤቱ ለመጋገር ፈልጎ በአማርኛ የሚቀርቡ የአሠራር ቪዲዮዎችን የተከታተለ ሰው ንዴቴን እንደሚረዳልኝ አምናለሁ። አብዛኞቹ «በጣም ቀላል ነው» ብለው ይጀምሩና ሥራውን ቀላል የሚያደርገውን ነገር ሳይነግሩን ይጨርሳሉ። የአልሞንድ ዋጋ የት እንደደረሰ እየታወቀ፣ ሰው ከአስቤዛው ቀንሶ የገዛውን በግምት ልክ እንዲያበላሽ ማድረግ ቀላል በደል አይደለም።

በጣሊያን ቶስካና ግዛት፣ ፕራቶ ከተማ፣ አንቶኒዮ ማቴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በከፈተው ሱቅ የታወቀው ብስኮቲ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ አልሞንድና ፒኖሊ የሚባለው ፍሬ እንጂ ቅቤም ዘይትም ቤኪንግ ፓውደርም የለበትም። ስለዚህ ሊጡን የሚያርሰው እንቁላሉ ብቻ ነው። ታዲያ «አራት እንቁላል» ስትሉን የየትኛውን ዶሮ ማለታችሁ ነው? የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ሲመዝን የፈረንጁ 60 ሊደርስ ይችላል፤ በአራት እንቁላል የ80 ግራም ልዩነት ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ሊጡ ወይ እጅ ላይ ተጣብቆ አልድቦለቦልም ይላል፣ ወይ እየተፈረፈረ አልያያዝ ይላል።

ዱቄቱም በ«ኩባያ» ነው የሚነገረን። የአሜሪካኑ መስፈሪያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ የታወቀ ዕቃ ሲሆን፣ በእኛ ቤት ግን ኩባያ የሚባለው መጠኑ እንደየቤቱ ነው። ትክክለኛው መስፈሪያ እንኳ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲሞላ 120 ግራም፣ ከከረጢቱ ተጨልፎ ሲጠቀጠቅ 150 ግራም ዱቄት ሊይዝ ይችላል። «ኦቨኑን 350 ላይ አድርጉት» የሚሉትስ? አሜሪካ ሆነው በፋራናይት መናገራቸው ነው፤ በሴንቲግሬድ 177 መሆኑን ለመጨመር አንድ ቃል በቂ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የብዙ ሰው ኦቨን 250 ላይ ስለሚያበቃ፣ ጀማሪው ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ ውጪው የከሰለ፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ ሊጥ ያወጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ግን የሁለተኛው መጋገር ጉዳይ ነው። ብስኮቲን ብስኮቲ የሚያደርገው እሱ ሆኖ ሳለ «ቆርጣችሁ መልሱት» ተብሎ ይታለፋል። ተድቦልቡሎ አንድ ጊዜ የተጋገረው ሊጥ ገና ከኦቨን እንደወጣ ከተቆረጠ ይላቀቃል፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቢላው አልሞንዱ ላይ ሲደርስ ፍሬውን ገፍቶ ዳሩን ይሰብረዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ሰያፍ አድርጎ ሳይጫኑ መቁረጥ፣ ከዚያም 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እያገላበጡ ማድረቅ ያስፈልጋል። ኦቨን ውስጥ ሲነካ ለስላሳ መሆኑ አይቀርም፣ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነውና። ይህን ያልተነገረው ሰው እስኪጠነክር ሲጠብቅ ያሳርረዋል።

አንዳንዶች ይባስ ብለው «እንዳይደርቅ» በሚል ቅቤ አብዝተው ሁለተኛውን መጋገር ይተዉታል። ቅቤ የሚጨምሩ የቶስካና ጋጋሪዎችም ስላሉ ቅቤው ራሱ አያጣላንም፤ ድርቀቱን እንደ ጉድለት መቁጠር ግን ትልቅ ስሕተት ነው። እዚያ ቪን ሳንቶ በሚባለው ጣፋጭ ወይን እየነከሩ የሚበሉት ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ሻይ ውስጥ ዳቦ ነክሮ ላደገ ሰውም ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም። ለስላሳ ኬክ የፈለገ ኬክ ይጋግር፣ ስሙንም ኬክ ይበለው።

ስለዚህ ዱቄቱንና ስኳሩን በግራም፣ እንቁላሉን ከቅርፊቱ አውጥታችሁ በግራም፣ ሙቀቱን በሴንቲግሬድ ንገሩን። ሁለተኛውን መጋገርም ቆርጣችሁ አታሳጥሩት፤ ቢላው ሲገባና ቁራጩ ሲገለበጥ በቅርብ አሳዩን።