ለተከበሩ ክሌብሲዬላ ባክቴሪያ፣ ባሉበት አልጋ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ምን ናፍቆት አለ፣ ትናንትም አብረን ነበርን። አጎቴ ግን ደህና አይደለም። የገባው ለፕሮስቴት ቀዶ ጥገና ነበር። በአምስተኛው ቀን ይወጣል ሲባል፣ እርስዎ በሽንት ቱቦው ገብተው ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ።

የካልቸር ውጤትዎን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድልዎ የተመረመረበትን፣ አየሁት። ሴፍትሪያክሶን፦ አር። ሲፕሮ፦ አር። ጄንታማይሲን፦ አር። ሐኪሟን «አር ምንድን ነው?» ብላት «ለምዶታል፣ አይሠራም» አለችኝ። የቀረን ሜሮፔኔም ብቻ ነው። እሱንም ከውጭ ግዙ ተባልን። ዋጋውን የሰማ ጤነኛም ይተኛል።

ይህን ሁሉ የት ተማሩት? ለካ እድር አላችሁ! እኛ ድስትና ድንኳን እንደምንዋዋስ፣ እናንተ ፕላዝሚድ የምትባል ቁራጭ ዲኤንኤ ትቀባበላላችሁ። መድኃኒት የማምከኛው ዘዴ እሷ ላይ ተጽፏል። ዝምድና አትጠይቁም፤ ኢ ኮላይ ለሚባለው ሌላ ባክቴሪያም ታካፍላላችሁ። የእኛ እድር ሰፈር የቀየረ አባል እንኳ አይወድም።

ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ላይ ነግሮን ነበር። መድኃኒቱን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ተህዋሲያኑን ያለማምዳቸዋል ብሎ። እኛ የሰማነው «ፔኒሲሊን ተገኘ» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ራሴ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ገዝቼ፣ ሁለት ቀን ውጬ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ጉንፋን የቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። እርስዎና ዘመዶችዎ ግን ልምምድ አገኛችሁ።

ትራንስፖርቱም በእኛ ነው። እሁድ 14 ጠያቂ መጣ። አክስቴ ደግ ሰው ናት፤ የማታውቀውንም በሽተኛ ሳትጠይቅ አትወጣም። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ እጁን ጨብጣ፣ ግንባሩን ዳስሳ፣ «እግዜር ይማርህ» እያለች ከአልጋ 1 እስከ አልጋ 8 አዳረሰችዎ። በነጻ! እጅ መታጠቢያ የለም እንዳይሉኝ። አለ። ከበላዩ የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ተለጥፏል፣ ደረጃ በደረጃ፣ በቀለም። ውሃው ነው የሌለው።

ሜሮፔኔሙን ትናንት ማታ ጀምረንለታል። ውሃም ዛሬ ከሰዓት ይመጣል ተብሏል። እስከዚያ አንድ ነገር ልለምንዎ፦ አልጋ 9 ያለው ልጅ ጋ አይሂዱ። ትናንት ነው የገባው።

አክባሪዎ፣
የአልጋ 6 አስታማሚ