«ድሩ የታለ?»

ማክሰኞ ማታ ማታ ኤደንብራ ውስጥ ሹራብ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር እቀመጣለሁ። አዎ፣ ወንድ ነኝ። የደብረ ብርሃን ልጅም ነኝ፤ ስለዚህ ብርዱ አልነበረም ያሸነፈኝ። ጨለማው ነው። በታኅሣሥ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፣ ከሥራ ወጥቶ የሚገባበት የጠፋው ሰው ሻይ ባለበት ይሰበሰባል። ጡረታ የወጣ መርከበኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ እኔ አለሁ። ሁለት ዓመት ሻርፕና ካልሲ ስሠራ ቆይቼ ነው ድፍረት የመጣልኝና ባለ መስመር ዳንቴል ሻል የጀመርኩት።

ዳንቴል ስል የቴሌቪዥኑ ልብስ እንዳይመስላችሁ። ያ በኪሮሽ ነው፣ ይሄ በሁለት የሹራብ ሽቦ። ቀዳዳው ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው። ክሩን ሽቦው ላይ አንዴ ጣል ታደርገዋለህ፣ ቀዳዳ ይሆናል። ግን አንድ የክር ዓይን ጨመርክ ማለት ነው። ስለዚህ ከጎኑ ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ሠርተህ ቁጥሩን ትመልሳለህ። አንዷን ከረሳህ ከሦስት መስመር በኋላ አበባው ጠማማ ይወጣል። ቀለሙን በየ2 መስመሩ እቀይራለሁ፤ ቡኒ፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ነጭ። ክሩ ሳይቆረጥ በዳር በዳር ይወጣል።

ሱፉ የሼትላንድ ነው፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉ ደሴቶች ናቸው። በጎቹን ሳይ የመንዝ በግ ዘመድ መሰሉኝ። ትንንሽ ናቸው፣ ብርድ አይበግራቸውም፣ ነጭም ጥቁርም ቡኒም አላቸው። ልዩነቱ ጠጉሩ ላይ ነው። የነሱ ለስላሳ፣ የኛ ሻካራ። የደሴቶቹ ሴቶች የሚሠሩት ቀጭን ሻል በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። የመንዝ በርኖስ በቀለበት ቀርቶ በደጃፍም የሚያልፈው እየታሸ ነው። ብርድ ግን አያሳልፍም።

ከጥቂት ዓመት በፊት ሻሉን ሳልጨርስ ይዤው ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ወሩ ኅዳር ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። አክስቴ እንዝርታቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ሴት አጣህ?»

ለሸማኔ ጎረቤታቸው ጠጉር የሚፈትሉት እሳቸው ናቸው። «ጎረቤትዎስ ወንድ አይደል?» አልኳቸው።

«እሱማ ይሸምናል!»

መሸመን የወንድ፣ መፍተል የሴት። ክርክሩ እዚህ ላይ ተዘጋ። ቀጥለው ሻሉን ወደ መስኮቱ አነሱት። «ቀዳዳ በቀዳዳ! በዚህ ቁር ይሄን የሚለብስ ማነው?»

ያልሳቀብኝ ሸማኔው ብቻ ነው። የመንዝ ሰው ነው፣ የዕድሜ እኩያዬ። ሥራውን ገለበጠው፣ ዳሩን በጥፍሩ ፈተሸው፣ ግራ ገባው።

«ድሩ የታለ?»

«ድር የለውም። ማግም የለውም። አንድ ክር ነው፣ ራሱን በራሱ እየያዘ የሚሄድ።»

አላመነኝም። ሽቦውን መዘዝ፣ ጫፉን ሳብ አደረገው። ትር ትር ትር ብሎ ይፈታ ጀመር። እሱ ደነገጠ፣ እኔ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ በየ10 መስመሩ ቀጭን ክር በመርፌ አሳልፌበት ነበር። መፈታቱ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሰባት መስመር ከሰረ፣ የሁለት ማታ ሥራ።

«ማንም መጥቶ በአንድ ጣት ያፈርሰዋላ!» አለ። ከዚያ የራሱን ባና አምጥቶ «በል ሳበው» አለኝ። ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም።

የባናውን ዋጋ ጠየቅኩት። ነገረኝ። አፌ ከልማዱ «ቀንስ እንጂ» አለ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለሦስት ጥቅል ሱፍ የከፈልኩት እሱ ለባናው ከጠራው ይበልጣል፤ ያንን ስከፍል ግን ሳንቲም አልተከራከርኩም። ጥቅሉ ላይ የደሴቶቹ ስም የታተመበት ወረቀት አለ። «የሼትላንድ ተወላጅ ሱፍ» (Native Shetland Wool) የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው። የጎረቤታችን ባና ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

ዲያስፖራ ሲሰበሰብ «ፈረንጅ የእጅ ሥራ ያከብራል፣ እኛ እንንቃለን» የሚል ወሬ አይጠፋም። እኔም ብዬዋለሁ። ግን እዚያም ቢሆን ከጥንት የተከበረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1872 የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የሼትላንድን ሹራብ ሠሪዎች ጉዳይ አይቶ ነበር። ነጋዴው ለሻላቸው የሚከፍላቸው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በሻይ ቅጠልና በጨርቅ ነበር። ሻሉ የሀብታም ትከሻ ላይ ይውላል፣ ሠሪዋ ብር አታይም። ዛሬ ማክሰኞ ማታ የምንሰበሰበው ግን ሁላችንም ደመወዛችን ከሌላ ቦታ ነው። ሻሉን ሸጦ እራቱን የሚበላ አንድም ሰው የለንም። ቀዳዳው የሚያምረንም ለዚህ ይመስለኛል። አክስቴ አንድ እንዝርት ሲሞላ የሚያስቡት ዘይትና ሽንኩርት ነው።

ሻሉን እዚያው ጨረስኩት። ዳንቴል ሲያልቅ የተጨማደደ መሐረብ ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ ወጥረህ፣ በስፒል ሰክተህ ስታደርቀው ነው የሚከፈተው። ፍራሽ ወደ ግቢ አወጣን፣ ጎረቤት ሁሉ ስፒል አዋጣ። ከሰዓት በኋላ ስንነቅለው አበባው ፍንትው ብሎ ወጣ። አክስቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እንዲህ ነው እንዴ!» ለእርስዎ ነው ብዬ ሰጠኋቸው። መረቁኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዜና ያያሉ። ሻሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘርግቷል። አንዱ ጫፍ ወደ ስክሪኑ ወርዶ፣ ዜና አንባቢው በቀዳዳው በኩል ይታያል።