መጀመሪያ ሐዲዱ፣ ከዚያ ሰፈሩ

ሰሞኑን ስለ ከተማ መስፋፋት በተካሄደ አንድ ውይይት ላይ አንድ ባለሥልጣን የተናገሩት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው ባልሰፈረበት ሜዳ ላይ የባቡር መስመር መዘርጋት ብክነት ነው አሉ። መጀመሪያ ሰው ይስፈር፣ ቤት ይሠራ፣ ትራንስፖርቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል። አዳራሹም አጨበጨበ።

ቀስ ብሎ አይደርስም። ከቶም ደርሶ አያውቅም!

የኒውዮርክ ከተማ አንድ ክፍል የሆነውን ኩዊንስን ተመልከቱ። ዛሬ ሰባት ቁጥር የሚባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አጋማሽ ወደዚያ ሲዘረጋ የተነሡ ፎቶግራፎች አሉ። በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራው ሐዲድ ሜዳውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ሣርና ባዶ መሬት ነው። ጣቢያው ቆሟል፣ የሚሳፈርበት ሰፈር ግን ገና አልተወለደም። በእኚያ ባለሥልጣን ሚዛን ይህ ጥርት ያለ ብክነት ነው። በ1910 የኩዊንስ ነዋሪ 284 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1930 ከ1 ሚሊዮን 79 ሺህ በላይ ሆነ። ኩዊንስን ከማንሃተን ጋር የሚያገናኘው፣ በ1909 የተከፈተው ድልድይም ድርሻ አለው የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ አለው። ድልድዩስ ትራንስፖርት አይደለም እንዴ?

ናይሮቢም በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና ነው የተቆረቆረችው፤ ከተማዋን የወለዳት ሐዲዱ ነው። በጃፓኗ ኦሳካ ደግሞ የባቡር ባለሀብቱ ኮባያሺ ኢቺዞ በ1910 የከፈተው መስመር ብዙ ሰው በማይኖርበት ገጠር የሚያልፍ ነበር። ተሳፋሪ ከየት ይመጣል ሲባል በመስመሩ ዳር መሬት ገዛ፣ ቤት ሠራ፣ ለደመወዝተኛው በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ሸጠ። ተሳፋሪውን ራሱ አሰፈረው።

ሰው ርቀትን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሥራ ቦታዬ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብኛል ብሎ ነው። መስመር በሌለበት አስፍራችሁት መኪና መግዛት የሚችለው ይገዛል፤ የማይችለው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ይሰለፋል። መኪና የገዛው ሰፊ መንገድ ይፈልጋል፣ ማቆሚያ ይፈልጋል። ሱቁ ከቤቱ ይርቃል፣ ትምህርት ቤቱ ከሱቁ ይርቃል፣ በእግር መሄድ የማይታሰብ ይሆናል። ሰፈሩ አንዴ በዚህ መልክ ከተበተነ ባቡር ቢመጣለት እንኳ ጣቢያው በየትኛው ደጃፍ ይተከላል? ያኔ ወይ የሰው ቤት ይፈርሳል፣ ወይ ከመሬት በታች በብዙ እጥፍ ወጪ ይቆፈራል። ያን ሁሉ ዕዳ የሚያመጣው ዛሬ ቁጠባ ተብሎ የተጨበጨበለት ምክር ነው።

መንገድ እናሰፋለን የሚሉትም አሉ። በአሜሪካዋ ሂዩስተን ከተማ የኬቲ አውራ ጎዳና በ2008 ተስፍቶ ሲያልቅ፣ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 26 የመኪና መስመር ደርሷል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የጧቱና የማታው ጉዞ እንደገና ረዘመ። ሰፊ መንገድ መኪና ይጠራል፤ የተጠራውም ይመጣል።

ባዶ የሚመላለሱ ባቡሮች የሉም አልልም። ግን ጣቢያቸውን ሄዳችሁ እዩት። ዙሪያው የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ወይም ፎቅ እንዳይሠራ በሕግ ተከልክሏል። ጥፋቱ የከለከለው ነው፣ ለምን ሐዲዱ ይወቀሳል?

ገንዘብ የለም ከተባለ እሺ፣ ግንባታው ይቆይ። መስመሩ የሚያልፍበት መሬት ግን ዛሬውኑ ካርታ ላይ ይከለል፣ ጣቢያዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ይታወቅ፣ የቤት ግንባታ ፈቃድም እሱን ተከትሎ ይሰጥ። አሁን ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው እርሳስና አንድ ፊርማ ነው። ሜዳው በቤት ከተሞላ በኋላ ግን መሐንዲሱ የሚያሰምረው እያንዳንዱ መስመር በአንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ያልፋል።