ወንዱን አስቀምጥልኝ

በናታችሁ ዛሬ ልናገርና ይውጣልኝ። ውሻዬ ዳማ ልትወልድ ነው። ከሰኞ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው ደውሎልኛል ወይም ጽፎልኛል። ከአሥራ አንዱ «ምን ጎደለህ? ምን ይዤ ልምጣ?» ያለኝ አንድም የለም። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ወንዱን አስቀምጥልኝ።»

የቱን ወንድ? ገና ሆዷ ውስጥ ያለውን?

አንዱ ዘመዴማ ጭራሽ ዝርዝር ላከልኝ። ጥቁር፣ ወንድ፣ ጆሮው የቆመ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ነገር ካለበት ደግሞ ደስ ይለዋል። ሌላው «አባቱ ጀርመን ነው?» አለኝ። ወንድሜ፣ አባትየው በአጥር ዘሎ ገብቶ በአጥር ዘሎ የወጣ የሠፈር ጎረምሳ ነው፤ መታወቂያ አልጠየቅኩትም።

ለምን እንደሚያንገበግበኝ እንዲገባችሁ ዳማን ከየት እንዳገኘኋት ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሐምሌ፣ እኛ ሠፈር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለች አንዲት ድልድይ ሥር፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ ማዳበሪያ ውስጥ ነበረች። አራት ነበሩ። አራቱም ሴቶች። ስፈታው የምትተነፍሰው እሷ ብቻ ነበረች። ወንድሞቿን ያስቀመጡላቸው ሰዎች ዛሬ የትም ግቢ በር ላይ አስረዋቸው «የኔ ውሻ ኃይለኛ ነው» እያሉ ይሆናል። ሴቶቹን ማንም አላዘዛቸውም። ስለዚህ ማዳበሪያ ገቡ።

እና አሁን ስልኩ ሲጮህ ያቺ ማዳበሪያ ናት ትዝ የምትለኝ።

እሺ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ላስመክናት አስቤ ነበር፤ ብሩ ለሌላ ነገር ሄደ፣ «በሚቀጥለው ወር» አልኩ። በሚቀጥለው ወር በራችን ላይ የሠፈሩ ወንድ ውሻ በሙሉ ሰልፍ ያዘ። እኔ በሩን ስጠብቅ አንዱ በጓሮ ገባ። ጥቅምት 9 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ባልዲ ውኃ ይዤ ደረስኩ፣ ዘግይቼ ነበር።

የውሻ እርግዝና በአማካይ 63 ቀን ነው። የኛ ካላንደር እዚህ ላይ ይባረክ፣ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ሁለት ወር ከሦስት ቀን ብዬ ታኅሣሥ 12ን አከበብኩ። እናቴ አየችና «ሚካኤል ነው» አለች። ለእሷ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፣ በሚካኤል ትወልዳለች። ሐኪሙ ግን ከ58ኛው እስከ 68ኛው ቀን ድረስ በማንኛውም ሰዓት ሊሆን ይችላል ስላለኝ እኔ ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ሐኪም ስላችሁ እንዲሁ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የደወልኩለት «እኔ የከብት ነኝ፣ ላም ከሆነች ልምጣ» አለኝ። አልፈርድበትም። በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ በሆነ አገር የእንስሳት ሐኪም እንጀራው ላምና በግ ነው። ሁለተኛው ቤት ድረስ የሚመጣበትን ዋጋ ሲነግረኝ ቤቱን ሊገዛ የመጣ መሰለኝ። ሦስተኛው ዕድሜ ይስጠውና በስልክ፣ በነፃ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳኝ። «ራጅ ብታስነሳት ጥሩ ነው፣ ከ55ኛው ቀን በኋላ የቡችሎቹ አጥንት በደንብ ስለሚታይ ይቆጠራሉ» አለኝ። ስንት እንደሆኑ ካላወቅህ ምጡ ማለቁን ወይም አንዱ ውስጥ መቅረቱን በምን ታውቃለህ? ልክ ነው። ታክሲ ጠራሁ። የመጀመሪያው ሾፌር ውሻ መሆኗን ስነግረው ዘጋብኝ። ሁለተኛው መጣ፣ አያት፣ ሆዷን አየ፣ «መኪናዬ ላይ ብትወልድስ?» ብሎ መስኮቱን ከፍ አድርጎ ሄደ። ራጁ ቀረ።

ምግቧ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ድሮ ፍርፋሪ ትበላ ነበር፣ አሁን ግን ወጥ የነካው አይሰጣትም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ቡችሎቹ ጨጓራዋን ስለሚገፉት ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ነው መብላት ያለባት። ልኳንዳው ድሮ «ውሰደው» ይለኝ የነበረውን ሳንባና ጉሮሮ አሁን መዝኖ ነው የሚሸጥልኝ። «ልትወልድ ነው» ስለው ምን አለ መሰላችሁ? «ወንዱን አስቀምጥልኝ።» አሥራ ሁለት።

ቴርሞሜትር ልገዛ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ልጅቷ «ለሕፃን ነው?» አለች። «ለውሻ ነው፣ በመቀመጫ የሚገባ» አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፉት እናት ትንሽ ራቅ አሉ። ይስቁ። ነገሩ ቁም ነገር ነው፤ የውሻ ሙቀት ደህና ሲሆን ከ38 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከ37.2 በታች ከወረደ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይመጣል። ጠዋትና ማታ እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የኔን የደም ግፊት እንዲህ ተከታትዬው አላውቅም።

ካልሲየም የሚሉትን ደግሞ ተዉኝ። «የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተህ ስጣት»፣ «ኪኒን አለ»። ሐኪሙ በግልጽ ነው የከለከለኝ። በእርግዝናው ጊዜ ካልሲየም ከውጭ ሲጎርፍላት ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን ይረሳል፤ ከወለደች በኋላ ወተቱ ሲስበው እሷ ተንቀጥቅጣ ትወድቃለች። ይኼን ለአንዱ መካሪ ባስረዳው «እኛ ስናሳድግ እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረም» አለኝ። ስንቱ እንደሞተባችሁስ ቆጥራችኋል?

ወደ ሳጥኑ ልምጣ። የምትወልድበት ሳጥን ያስፈልጋታል፤ ተዘርግታ የምትተኛበት፣ እሷ የምትሻገረው ቡችሎቹ ግን የማይወጡት። ከውስጥ ደግሞ በዙሪያው ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለች ጣውላ ትመታለች፤ እናትየው ወደ ግድግዳው ስትደገፍ ቡችላው ከጣውላዋ ሥር ይተርፋል እንጂ አይደፈጠጥም። ካርቶን ልጠቀም ብዬ ሱቅ ጠየቅኩ፣ ካርቶን እኮ ዋጋ አለው ዛሬ! ለቁራሌው ነው የሚያጠራቅሙት። አናጢ ጋ ሄድኩ። ሥዕሉን አይቶ «ይቺ ጣውላ ለምንድን ናት?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እራሴ እኮ መሬት ላይ ነው የምተኛው» አለ። ምን ይመለሳል? ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ። ከተረፈ ኮምፔንሳቶ ሠራት፣ ጎበዝ ነው፣ ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገላት። ስወስዳት... አዎ፣ እሱም ወንድ ይፈልጋል። ለእሱ እንኳ አልተናደድኩም።

ለንጣፍ ጋዜጣ ነው የሚመከረው፤ ሲረጥብ ጠቅልለህ ትጥላለህ፣ አዲስ ታነጥፋለህ። ግን ዛሬ ጋዜጣ ማን ቤት አለ? አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ እናነብ የነበርን ሰዎች አሁን ሁሉ ነገራችን ስልክ ላይ ነው፤ ስልክ ደግሞ አይነጠፍም። በመጨረሻ አባቴ ነፍሱን ይማርና ቆጥ ላይ አስሮ ያስቀመጠው የ1980ዎቹ አዲስ ዘመን ተገኘ። እናቴ አልቅሳ ትከለክለኛለች ብዬ ስፈራ፣ ተቀምጣ እየመረጠች የጨረታውን ገጽ ለዳማ፣ ሌላውን ወደ ቆጡ መለሰች።

እናቴን ካነሳሁ አይቀር፣ «ውሻ የገባበት ቤት መልአክ አይገባም» የምትል ሴት ናት። ክርክራችን ሳምንት ፈጀ። «እኔ አንተን ስወልድ ጋዜጣ ያነጠፈልኝ አለ?» ተባልኩ። በመጨረሻ ራሷ ሕጉን ተረጎመችው፤ ማድ ቤቱ ቤት አይባልም። ስለዚህ ሳጥኑ ማድ ቤት ገባ። ትላንት ጠዋት ደግሞ ስገባ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ የአጃ አጥሚት በሳህን እያበረደች ደረስኩባት። «ምንድን ነው?» ስላት «አራስ አይደለች?» አለች። «ገና አልወለደችም እኮ።» «ትወልድ የለ?» ቅቤ እንዳትጨምርበት ብቻ ለመንኳት።

ሁሉ ነገር ተሟላ፣ አይደል? ሳጥን፣ ጋዜጣ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ መቀስ፣ እትብት የሚታሰርበት ክር፣ አዮዲን፣ ከባለሱቁ የተዋስኩት ሚዛን። ትላንት ከሰዓት ዳማ ተነሥታ ከሳጥኑ ወጣች፣ ግቢውን ዞረች፣ ሮቶው ሥር ገብታ መቆፈር ጀመረች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆፈረች። አፈሩ በኋላ እግሮቿ መሃል እየተረጨ፣ በየመሃሉ እየቆመች ጉድጓዱን በአፍንጫዋ እየለካች፣ ሆዷ መሬቱን እየነካ። ከጉድጓዷ ወጥታ አየችኝ። የአናጢውን ሒሳብ ያየች ይመስል መልሳ ገባች።

እንደዚህ ማድረጓ የሚጠበቅ ነው፤ መውለጃዋን ራሷ ማሰናዳት አለባት። ግን በታኅሣሥ ብርድ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ እርጥብ አፈር ላይ አራስ ቡችላ አይቆይም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነታቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም፣ የተኙበት ቦታ 30 ዲግሪ ግድም መሆን አለበት። አቅፌ መለስኳት። ወጣች። መለስኳት። አራተኛው ላይ ከእሷ ጋር ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ አሮጌ ሹራቤን አውልቄ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩላት። እሱን መቆፈር ጀመረች። ይሁን።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ለካኋት፤ 37.0። ምግብም አልነካችም። እና እንደገመታችሁት ነው፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሳጥኑ ላይ የሰቀልኳት አምፖል ድርግም። ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ ላይ «ከሰል አቀጣጥላችሁ አስገቡላት» ይሉኛል። ጋሼ፣ በተዘጋ ቤት ከሰል አስገብቶ ተኝቶ ያልተነሣ ስንት ሰው አለ፣ እኔም እኮ እዚሁ ነኝ! ውኃ በቡታጋዝ አሙቄ አምስት ሃይላንድ ሞላሁ፣ እያንዳንዱን በካልሲ አለበስኩ፣ ከጋዜጣው ሥር በአንድ ወገን ደረደርኩ። በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ይኑራቸው።

አሁን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ በሻማ ነው የምጽፈው። እሷ ታለከልካለች፣ ትነሣለች፣ ትዞራለች፣ ትተኛለች። ሐኪሙ የነገረኝን በቃሌ እየደገምኩ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በኃይል አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ደውል። በአንዱና በሚቀጥለው መሃል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ደውል። የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ካየህ፣ እንግዴ ልጁ ተላቋል ማለት ነው፣ ቶሎ ደውል። ለሙከራ ደወልኩ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።

«ውሻ ጫካ ውስጥ ብቻዋን ትወልድ የለ?» የምትሉኝ፣ አዎ ትወልዳለች። ዳማም ምናልባት ያለኔ ትወልዳለች፤ እኔ ማሞቅ፣ ዝም ማለትና ሰዓት መቁጠር ነው ሥራዬ። «ሰው በሚራብበት አገር» የምትሉትን ደግሞ ስንት የተራበ እንዳበላችሁ ነገ እንነጋገራለን። ቻርጄ ወደ 14 በመቶ ወርዷል፣ እና አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ መልእክት ገባ። ሐኪሙ መሰለኝ፣ ልቤ ዘለለ። የዱሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ኳታር ነው ያለው፣ ልጆቹ እዚህ ናቸው፣ ለልጆቹ ስጦታ ፈልጎ። ምን እንዳለኝ ታውቁታላችሁ።

የተጨመረ፦ ሌሊት 10:50። አንድ ወጣች። ዳማ ራሷ ከረጢቱን ቀደደችው፣ እትብቱን ነከሰችው፣ መቀሱ እንዳለ ቁጭ ብሏል። በሚዛኑ 310 ግራም። ጡቱን አግኝታ ጭኗን እየገፋች እየጠባች ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት።

ሴት ናት። ማን ይወስዳል?