ዓሣውን እያሸተታችሁ ሽሮፑን ዝም ብላችሁ

የሐዋሳ ሰዎች፣ ዛሬ ነጋዴውን አልወቅስም። ቅቤው ሙዝ ገባበት፣ በርበሬው ሸክላ ተፈጨበት እያላችሁ እናንተው በየማኪያቷችሁ ላይ ትወቅሱታላችሁ። የኔ ወቀሳ ለገዢው ነው።

አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ ስትገዙ ዓይኑን ታያላችሁ፣ ሥጋውን ትጫናላችሁ፣ ታሸታላችሁ። ጎበዞች! ለልጃችሁ ሳል ግን ከሰፈር ሱቅ፣ ከሳሙናና ከብስኩት መሃል፣ ጽሑፉ የተላጠ ሽሮፕ ይዛችሁ ትገባላችሁ። አንዷን ጠይቄያት «ባለፈውም ሰጥቼው ተሽሎታል» አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥም ሰው እንዲሁ አምኖ ጠጥቷል። አንድ የቴነሲ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ ለመሸጥ ብሎ በዳይኢታይሊን ግላይኮል በጠበጠው፤ ኩላሊት የሚያጠፋ ኬሚካል ነው። ጣዕሙን፣ መልኩንና ሽታውን ፈተሸ። መርዝ መሆን አለመሆኑን ግን አልፈተሸም። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሕፃናትም አሉበት። እኔን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የ1906ቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ መድኃኒት ሳይሸጥ በፊት ይፈተሽ አይልም ነበርና፣ መንግሥት ጠርሙሱን የሰበሰበው በስሙ ሰበብ ነው፦ «ኤሊክሲር» ማለት በአልኮል የተበጠበጠ መድኃኒት ነው፣ ይሄ ግን አልኮል የለበትም ተብሎ። አልኮል ቢኖርበት ኖሮስ? አስቀድማችሁ ደኅንነቱን አሳዩ የሚለው ሕግ የወጣው በዓመቱ፣ በ1938፣ ከቀብሩ በኋላ ነው።

የድሮ የፈረንጅ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ። ያው መርዝ በ2022 ጋምቢያ በገባ የልጆች ሳል ሽሮፕ ውስጥ ተገኝቷል፤ እዚያም ሕፃናት ኩላሊታቸው ደክሞ አልቀዋል።

እኛም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ እንዳይውል ይከለክላል። ታዲያ አዋጁን ማን እያፈረሰው ነው? ያለ ማዘዣ አልሰጥም ያለውን ፋርማሲስት «ምቀኛ» ብላችሁ ጥላችሁት የምትወጡት፣ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን በፍሬ የምትዋዋሱት እናንተ ናችሁ። ደረሰኝ ሊቆርጥ ሲል «ተወው፣ ቸኩያለሁ» የሚለውስ ማነው? (እኔም ብያለሁ፤ አፍራለሁ።) የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ ስልክ 8482 ነው። ስንቶቻችሁ ደውላችሁበታል?

ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱ። ጊዜው ያለፈበትን፣ ጽሑፉ የተላጠውን፣ ከየት እንደመጣ የማታስታውሱትን ለብቻ አውጡና ነገ ፋርማሲ ወስዳችሁ ጠይቁ። እስከዚያ ለልጁ አንድ ማንኪያ እንዳትሰጡ።