የወንዝ እጭ ሁሉ የቆሻሻ ምልክት አይደለም

«ከወንዝ ድንጋይ ሥር የነፍሳት እጭ ካለ ውሃው ቆሽሿል» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ይህ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። ወሳኙ የእጩ ዓይነት ነው። ትል የሚመስሉት ቀያዮች ብቻ ከበዙ፣ አዎ፣ ያሰጋል፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃም ይኖራሉ። ጭራቸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ክር ያላቸው ግን አብዛኞቹ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ። ወንዙ ሲበከል ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

ደግሞ ትልቅ ሥራ አላቸው! እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች፣ ተመራማሪዎች አንድ ትንሽ ጅረት ውስጥ ፀረ ተባይ ጨመሩ። እጮቹ በጅምላ ተጠርገው ሄዱ። ከዚያ ቅጠል እየበሉ የሚያደቁት እጮች ስለጠፉ፣ ጅረቱ ውስጥ የረገፈው ቅጠል መፈራረሱ ዘገየ። ወደ ታች የሚወርደው ደቃቅ ብናኝም ቀነሰ፤ እሱ ደግሞ ታች ላሉት ፍጥረታት ምግብ ነው። እባክህ «እናጽዳው» ብለህ መድኃኒት እንዳትረጭ። ለመጠጥ ከሆነ ግን እጭ ኖረም አልኖረም ውሃውን አፍላው።