ከሆስፒታል የመጣ ቢል ሁሉ ወዲያው አይከፈልም

አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከሆስፒታል ፖስታ ሲመጣልን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። አንዳንዶቻችን «ሕግ ያለበት አገር ነው፣ ኋላ ጣጣ ያመጣብኛል» ብለን በዚያው ቀን በክሬዲት ካርድ እንከፍላለን። ሌሎቻችን ሳንከፍተው መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን፤ ኮሌክሽን፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ እስኪደውል ድረስም አናነሳውም። በሁለቱም መንገድ ከአቅማችን በላይ የሆነ ገንዘብ እያጣን ነው። ቢል መጀመሪያ መመርመር አለበት። ከዚያ ደግሞ ገቢያችን መጠነኛ ከሆነ ሆስፒታሉ በሕግ የተጣለበትን እርዳታ መጠየቅ አለብን። ይህን ለማለት ያስገደደኝ የሰው ደብዳቤ አብሬ ሳነብ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው።

በሾፌርነት የሚተዳደሩ አንድ ጎልማሳ ሌሊት ደረታቸውን ወግቷቸው ኢመርጀንሲ ገቡ። ልባቸው ደህና መሆኑ ተነግሯቸው ጎህ ሲቀድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከሳምንታት በኋላ በፌስታል የያዟቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። አንዱ ከሆስፒታሉ ነው። ሌላው ለኢመርጀንሲው ሐኪሞችን ከሚያቀርብ፣ አድራሻው ሌላ ስቴት ከሆነ ድርጅት ነው። ሦስተኛው የደረት ራጃቸውን ካነበበው፣ እሳቸው በዓይናቸው አይተውት ከማያውቁት ራዲዮሎጂስት። የመጨረሻው ከኢንሹራንሳቸው የመጣ ሲሆን ትልቁ ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነበር። «ይሄኛውን ላስቀድም ብዬ ነው፣ ከበድ ስለሚል» አሉኝ። ወረቀቱ አናት ላይ በእንግሊዝኛ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለ።

ኢንሹራንሱ የሚልከው ይህ ማብራሪያ፣ በተለምዶ ኢኦቢ የምንለው፣ ከሁሉም ወረቀት በላይ የሚጠቅመን ነው። ሆስፒታሉ የጠየቀውን ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ የተስማማበትን ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ የከፈለውንና ለእኛ የቀረውን ለየብቻ ያሳያል። የመጀመሪያው ቁጥር የሚያስደነግጥ ቢሆንም ለእኛ የሚመለከተን የመጨረሻው ነው። የሆስፒታሉ ቢል ከዚያ ቁጥር ከበለጠ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አይከፈልም። የሾፌሩን ወረቀቶች ስናስተያይ የሐኪሞቹ ድርጅት የላከው ቢል ኢኦቢው ላይ ካለው በጣም ይበልጥ ነበር። ድርጅቱ የእሳቸው ኢንሹራንስ ኔትዎርክ ውስጥ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ በዋጋ ከተዋዋላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች መካከል፣ አልነበረምና። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው «ኖ ሰርፕራይዝስ አክት» የተባለ የፌደራል ሕግ ግን ኢመርጀንሲ የገባን ባለ ኢንሹራንስ ሰው ሐኪሙ ኔትዎርክ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከሚደርስበት ድርሻ በላይ ማስከፈልን ይከለክላል። ይህን ሕግ ጠቅሶ ለኢንሹራንሱም ለድርጅቱም መደወል መብታቸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሕጉ የሄሊኮፕተርና የአውሮፕላን አምቡላንስን ሲሸፍን በመንገድ የሚሄደውን አምቡላንስ አይሸፍንም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ዝርዝር ቢል ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ወረቀት ብዙውን ጊዜ «ላቦራቶሪ»፣ «መድኃኒት»፣ «ኢመርጀንሲ» ብሎ ድምሩን ብቻ ያስቀምጣል። ዝርዝሩ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ አገልግሎት ከነኮዱ ይታያል። ኢመርጀንሲ ለሐኪሙ ምርመራ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ከ99281 እስከ 99285። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋው ይጨምራል። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ገብቶ በፋሻ ታስሮለት የወጣ ሰው ቢል ላይ 99285 ካየ፣ «ይህ ደረጃ ለምን ተሰጠ? ፋይሌ እንደገና ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አንዴ የተደረገ የደም ምርመራ ሁለቴ ተቆጥሮ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

የእኛ ሰው የሚቸገርበትን፣ የቢሊንግ ሠራተኞችም የማይረዱትን አንድ ነገር ረዘም አድርጌ ላንሳው። ስማችን ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ የመጀመሪያ ስም ይጠራሉ። በአንድ ኢንሹራንስ ሥር ያሉ የአንድ ቤት ሰዎች በአሜሪካኖቹ ዓይን ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች ይመስላሉ። በዚያ ላይ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም ከራስ ስም ጋር ተጣብቆ ይጻፋል፣ ኢንሹራንስ ካርዱ ላይ አንድ ፊደል ይጎድላል። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ይሳሳታል። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ የሰማውን ይጽፋል። ኢንሹራንሱም «እንዲህ የሚባል አባል የለኝም» ብሎ ይመልሰዋል፣ ሙሉው ዋጋ ወደ በሽተኛው ይመጣል። ኢንሹራንስ እያለው እንደሌለው የተቆጠረን ሰው ቢል ሳይ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ስሙን፣ የልደት ቀኑንና የአባልነት ቁጥሩን ነው። ስህተቱ እዚያ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ቢሊንግ ክፍሉ መረጃውን አስተካክሎ ለኢንሹራንሱ እንደገና እንዲልክ ማድረግ ብቻ ነው።

አራስ ቤትም እንዲሁ የሚያስቸግር ነገር አለ። በሥራ ቦታ በሚገኝ ኢንሹራንስ አዲስ የተወለደ ልጅ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። እኛ ደግሞ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ እናት አራስ ናት፣ ቤቱ በገንፎና በእንግዳ ተይዟል፣ ወረቀት የሚያስታውስ የለም። ሠላሳው ቀን ካለፈ የሕፃኑ ሕክምና በሙሉ በወላጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለወለደች እህታችሁ ገንፎ ይዛችሁ ስትሄዱ ባሏን «ልጁን ኢንሹራንስ ውስጥ አስገባኸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ሰው «ሰው አገር መጥቼ ለምኜ አልታከምም» ይላል። ኩራቱን አከብረዋለሁ፤ ያደግንበት ነው። ነገር ግን ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ከፌደራል የገቢ ግብር ነፃ ናቸው። ለዚህም ሕጉ ካስቀመጠባቸው ግዴታዎች አንዱ በጽሑፍ የተዘጋጀ የፋይናንስ እርዳታ ፖሊሲ ኖሯቸው ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። ስለዚህ ፎርሙን የሚሞላ ሰው ሆስፒታሉ ከግብር ነፃ በመሆኑ የተጣለበትን ግዴታ እያስፈጸመ ነው፤ የማንንም ምጽዋት አልጠየቀም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የስቴቱ ሕግ ገቢያቸው ከፌደራል የድህነት መለኪያ 200 በመቶ ያልበለጠ ሰዎች አስፈላጊ የሆስፒታል ሕክምና በነፃ እንዲያገኙ ያዛል። በ2025ቱ መለኪያ ይህ ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 64,300 ዶላር ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ አባትና አረጋውያን የምትንከባከብ እናት ስንቶቹ እዚህ ውስጥ እንደሚገቡ አስቡት። ከዚያ በላይ እስከ 300 በመቶ ላሉትም ቅናሽ አለ።

በፌደራሉ ደንብ መሠረት ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የእርዳታ ማመልከቻውን የመጀመሪያው ቢል ከወጣ በኋላ ቢያንስ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለባቸው። ዕዳው ኮሌክሽን ቢሄድም በጊዜው ውስጥ ከሆነ ፎርሙን ሊመልሱት አይችሉም። አስቀድሞ የከፈለ ሰው እርዳታው ከተፈቀደለት ትርፉ ይመለስለታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በስልክ የሚያነጋግረን ሠራተኛም ብዙ ጊዜ አይነግረንም። የሚያቀርብልን የወርሃዊ ክፍያ ስምምነት ነው። «በወር 100 ዶላር ይበቃዎታል?» ይሉናል፣ እኛም እፎይ ብለን እሺ እንላለን። መልሱ «መጀመሪያ የፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም ላኩልኝ፣ እስኪወሰን ድረስም ሒሳቡን ያዙልኝ» መሆን አለበት። የሐኪሞቹ ድርጅት ከሆስፒታሉ የተለየ ከሆነ የሆስፒታሉ እርዳታ ላይሸፍነው ይችላል፤ ፖሊሲው የሚሸፈኑትን ሐኪሞች ስለሚዘረዝር እዚያው ማየት ይቻላል።

ክሬዲት ካርድ አውጥቶ መክፈልን አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው። ዕዳው ካርድ ላይ በገባ ቅጽበት የሕክምና ዕዳነቱ ያበቃል፣ ወለድ ይቆጥራል፣ ከሕክምና ዕዳ ጋር የሚመጡትን መከላከያዎችም ያጣል። የሰውን የብድር ታሪክ የሚመዘግቡት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ከ2023 ጀምሮ ኮሌክሽን የገባ ከ500 ዶላር በታች የሕክምና ዕዳ ክሬዲት ሪፖርት ላይ አያወጡም። ከዚያ በላይ የሆነውንም ዓመት ሳይሞላው አያስገቡትም። የሕክምና ዕዳን ጨርሶ ከክሬዲት ሪፖርት የሚያወጣ ደንብ በ2025 መጀመሪያ ወጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ቴክሳስ ያለ የፌደራል ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ቢልን ችላ ማለት አሁንም ያስከፍላል። ዓመቱን ግን ለክርክርና ለማመልከቻ ልንጠቀምበት እንችላለን።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ነገር ልጆቻችን ናቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስልክ ይዞ የእናቱን የማህፀን ሕክምና ቢል ለቢሊንግ ክፍል ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ልጁም እናቱም አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የፌደራል እርዳታ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ስለ ገንዘብ በሚደረግ ንግግርም ጭምር። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። ስልኩ ሲነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብሎ መጠበቅ በቂ ነው። ያነጋገረንን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተባለውን መጻፍም አይዘንጋ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያነሳው ሰው ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ሰው ብቻውን እንዲያውቅ መጠበቅ ግፍ ነው። ዕድሮቻችን ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመሸኘት በአንድ ሌሊት ገንዘብ ያሰባስባሉ። በየሆስፒታሉ ነርስ፣ የምዝገባና የቢሊንግ ሠራተኛ ሆነው የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች አሉን። በወር አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ወይም ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ፣ እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው ፖስታ የሚከፍቱበት ጠረጴዛ ይዘጋጅ። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ፕሪንተርና የአካባቢው ሆስፒታሎች የእርዳታ ፎርም ነው፤ ፎርሙን ለትርፍ ያልቆሙት ሆስፒታሎች በየድረ ገጻቸው በነፃ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው።